«በርበሬ» ስንት ፊደል ነው?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለችው ክፍሌ ተቀምጬ በሲ ቋንቋ የጻፍኩት የደረሰኝ ማተሚያ ፕሮግራም፣ ኢንቴል ፕሮሰሰር ባለው ላፕቶፔ ላይ ፍተሻዎቹን ሁሉ አልፎ ነበር፤ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የቅመማ ቅመም ሱቅ በተተከለው ራስበሪ ፓይ (አርም የተባለ ዓይነት ፕሮሰሰር ያለው ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ ግን ወደቀ። የወደቀው ፍተሻ የሚጠይቀው «በርበሬ» የሚለው ቃል ስንት ፊደል እንዳለው ነው። ላፕቶፑ 4 ሲል ራስበሪ ፓዩ 12 አለ።

12 የሚለው ቁጥር ራሱ ፍንጭ መሆኑ ሊገባኝ ሲገባ፣ ግማሽ ቀን የሊኑክሱን የቋንቋ ቅንብር ስበረብር አሳለፍኩ። በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን በባይት፣ ማለትም ከ0 እስከ 255 ባሉ ቁጥሮች፣ የመጻፊያ ስልት) እነዚህ ፊደሎቻችን እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ፤ ለምሳሌ «በ» 225፣ 137 እና 160 ተብሎ ይጻፋል። ኮዴ ደግሞ ባይቱ ከዜሮ በታች ሆኖ ካገኘው የግዕዝ ፊደል መነሻ ነው ብሎ 3 ባይት ይዘላል፤ ካልሆነ ግን እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ፊደል ይቆጥራል። የሲ ቋንቋ ደንብ ኮዴ ባይቱን የሚይዝበት ቻር የተባለው የቁጥር ዓይነት አሉታዊ ቁጥር ይያዝ አይያዝ የሚለውን ውሳኔ ለኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ለሚተረጉመው ፕሮግራም) ትቶታል። በኢንቴል ሊኑክስ ላይ ስለሚይዝ 225 የሚነበበው −31 ተብሎ ነው፤ በአርም ሊኑክስ ላይ ስለማይይዝ 225 እዚያው 225 ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ 12ቱም ባይቶች አንድ በአንድ ተቆጠሩ። አፕል በአርም ማሽኖቹ ላይ እንደ ኢንቴሉ እንዲነበብ ስላደረገ፣ ማክ ያለው ጓደኛዬ «እኔ ጋ ይሠራል» ማለቱ ይብስ አደናገረኝ።

ኮምፓይለሩን በአንድ ትእዛዝ እንደ ኢንቴሉ እንዲያነብ ማስገደድ ይቻል ነበር፤ ሆኖም ስሕተቱ የኮዴ እንጂ የማሽኑ ስላልሆነ፣ ባይቱን አሉታዊ ቁጥር የማይይዝ ብዬ በግልጽ አውጄ ከ127 መብለጡን እንዲጠይቅ አደረግሁ።

ለእያንዳንዱ ለውጥ ኮምቦልቻ መውረድ ስለማይቻል፣ አርምን በላፕቶፑ ላይ አስመስሎ የሚያሠራውን ኪውኢሚዩን ተጠቀምኩ፤ ቢዘገይም ያንኑ 12 አሳይቶኛል። ሁለተኛውን ስሕተት ግን ደበቀው። አንደኛው የሥራ ክር (በፕሮግራሙ ውስጥ ከሌሎች ጎን ለጎን የሚሠራ ክፍል) ጽሑፉን አዘጋጅቶ «ዝግጁ» የሚል ምልክት ያቆማል፤ አታሚው ክር ምልክቱን አይቶ ያትማል። አርም ጽሑፍና ምልክት የተጻፉበትን ቅደም ተከተል ለሌላው ክር እንዳለ የማሳየት ግዴታ ስለሌለበት፣ አልፎ አልፎ ባዶ ደረሰኝ ይወጣል፤ ኪውኢሚዩ ግን በኢንቴል ላይ ሲሠራ የኢንቴልን ጥብቅ ቅደም ተከተል ይወርሳል። ምልክቱን አቶሚክ (ቅደም ተከተሉ ለሌላው ክር እንዲጠበቅ የሚያስገድድ) አድርጌ ካስተካከልኩ በኋላ ሁለተኛ ራስበሪ ፓይ ገዝቼ ከላፕቶፑ ጎን አስቀምጫለሁ፤ የባዶ ደረሰኙ ፍተሻ መብራት እስኪሄድ ድረስ እዚያው ላይ ይደጋገማል።