አባዬ መቼ ነው የተወለደው?

ሐውልት ሠሪው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «የተወለዱበትን ቀንና ዓመተ ምሕረት አምጡልኝ፤ አንዴ ከተቀረጸ አይሰረዝም።» ወንድሜ ከደሴ ደውሎ ይህን ሲነግረኝ ፈረቃዬን ጨርሼ መኪና ውስጥ ነበርኩ። ዴንቨር ከማታው 4 ሰዓት፣ ደሴ ደግሞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት።

«ታዲያ ንገረዋ!» አልኩት።

ዝም አለ። ቆይቶ «ስንት ልበለው?» አለኝ።

1943 ልል ነበር፤ ደግነቱ አፌን ያዝኩ። እሱ በፈረንጅ ነው።

አባዬ ያረፈው አምና ነው። ለቀብሩ አልደረስኩም። ሐውልቱን እኔ ነኝ የማሠራው ብዬ ድርቅ ያልኩትም ለዚህ ነው። ብር መላክ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ጥያቄውን የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ጣልኩት። ታላቅ እህቴ የቀበሌ መታወቂያውን አይታ 1935 አለች። ወንድሜ የጡረታ ደብተሩን ፎቶ ልኮ 1938 አለ። ታናሻችን 1936 ብሎ ተከራከረ። የእማዬ መልስ በድምፅ መጣ፦ «እኔ ሳገባው ትልቅ ሰው ነበር።»

እኔ ጋ ያለው ደግሞ የፓስፖርቱ ኮፒ ነው። ወደ እኔ ሊመጣ ብለን አውጥተንለት ነበር፤ ጉዞው ሳይሆን ቀረ። ላዩ ላይ ጃንዋሪ 1 ቀን 1943 ይላል። ወሩና ቀኑ ስላልታወቀ የተሞላ ነው። እዚህ አገር ያለን ሐበሾች ስንቶቻችን ጃንዋሪ 1 እንደተወለድን ብትቆጥሩ ጉድ ነው። እኔ ግን አምኜው በየዓመቱ በዚያ ቀን እደውል ነበር። «አባዬ፣ እንኳን ተወለድክልን!» እለዋለሁ። «እንኳን አብሮ አደረሰን» ይለኛል። ለካ የፈረንጅ አዲስ ዓመት እየመሰለው ነው።

መጀመሪያ የታናሻችንን 1936 ያዝኩት። «ከየት አመጣኸው?» ስለው ከፓስፖርቱ ነው አለ። ከ1943 ላይ 7 ቀንሶ። 7 የሚቀነሰው ግን ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ላለው ነው። ጃንዋሪ 1 ታኅሣሥ 23 ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ የሚቀነሰው 8 ነው። 1935 መጣ። ፓስፖርቱም የወጣው በመታወቂያው ነበር። እንግዲህ 1936 ለብቻው የቆመ ምስክር አይደለም፤ የ1935 ልጅ ነው፤ ያውም በሂሳብ ስህተት የተወለደ።

መታወቂያውስ 1935ን ከየት አመጣው? እህቴን «አሮጌ መታወቂያ የለም ወይ?» አልኳት። እማዬ ምንም አትጥልም፤ ከሳጥኑ ሥር የደርግ ጊዜውን አወጣችው። እሱ ላይ የልደት ዓመት የሚባል ነገር የለም። «ዕድሜ 40» ብቻ። የተሰጠበት ቀን ጥቅምት 1975። ኋላ መታወቂያው ሲታደስ አንዱ ጸሐፊ ከ1975 ላይ 40 ቀንሶ 1935 ጽፏል ማለት ነው። ግን ሰው ጥቅምት ላይ 40 ዓመቴ ነው ካለና ልደቱ ሰኔ ከሆነ፣ የተወለደው በ1934 ነው። ይህ ያኔ አልታየኝም። ሰኔን ያመጡት እትዬ ናቸው።

እትዬ የአባዬ ታላቅ እህት ናቸው፤ ኮምቦልቻ ነው የሚኖሩት። ጣልያን ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴን ከአየር ሲደበድብ እናታቸው አዝለዋቸው ሸሽተዋል። ወንድሜ በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ቪዲዮ አገናኘኝ። በደፈናው «አባዬ መቼ ነው የተወለደው?» አልኳቸው።

«እኔ ምኑን አውቄ!»

እህቴ ከኋላ ጣልቃ ገባች። «እትዬ፣ የአራስ ገንፎው ትዝ ይልዎታል?»

ይህን ጊዜ ፊታቸው በራ። «ወይ ገንፎ! ጣልያን ጥሎት በሄደው ቆርቆሮ ሳህን ነው የሰጡኝ። ጠርዙ ከንፈሬን ቆረጠኝ፤ ገንፎውንም ደሙንም አብሬ በላሁት። ጣልያን በወጣ በዓመቱ ነው። ሚካኤል ነበር፤ ዝናቡ ጀምሮ ጭቃ ነው።»

ጣልያን ደሴን የለቀቀው ሚያዝያ 1933 ነው። በዓመቱ ሲባል 1934። ዝናብና ጭቃ ያለበት ሚካኤል ደግሞ የኅዳሩ ሊሆን አይችልም፤ ሰኔ 12 ነው።

ግን የዘጠና ዓመት ሰው ትዝታ ድንጋይ ላይ ይቀረጻል? እኔ ፈራሁ። «አብሽሪ፣ ካላመንሽኝ የአባታችንን ዳዊት እዩ» አሉ እትዬ። ዳዊቱ ትራሳቸው ሥር ነው። ወንድሜ ገጹን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። የአያቴ እጅ ጽሑፍ፣ ቀለሙ ቡናማ ሆኗል፦ ሐምሌ 21 ቀን በዘመነ ማርቆስ ክርስትና ተነሣ። አለቀ። ዓመተ ምሕረት የለም። እሳቸው ያውቁታል፤ ለምን ይጻፉት?

ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40 ቀኑ ነው። ከሰኔ 12 ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩ። እስከ ሰኔ 30 ድረስ 19፣ ሐምሌ 21 ሲደመር 40። ልክ ቁጭ። መኪና ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ።

ቀጥሎ ማርቆስ። 5500ን ዓመተ ምሕረቱ ላይ ደምራችሁ ለ4 ስታካፍሉ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 1935 ሉቃስ ሆነ፤ ወደቀ። 1936 ዮሐንስ፤ እሱም ወደቀ። 1934 ማርቆስ። ደስታዬ ሳያልቅ 1938ን ሞከርኩት። እሱም ማርቆስ! የጡረታ ደብተሩ ቀላል አልነበረም።

ለእትዬ ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ሲስቁ ደግሞ ያስላቸዋል። «1938ማ እኔ ትልቅ ልጅ ነበርኩ፤ ውኃ እቀዳ ነበር። ማን ሳህን ይሰጠኛል? እሱም ያኔ ተከትሎኝ ይሮጣል።»

ያኔ የጡረታ ዕድሜ 55 ነበር። በ1934 ቢሆን አባዬ በ1989 ይወጣ ነበር፤ የወጣው በ1993 ነው። በእነዚያ አራት ዓመታት አራታችንም ተማሪዎች ነበርን። ወንድሜ፣ ሲቀጠር «ዘመኔ ማርቆስ ነው» ብሎ ጸሐፊው መልኩን አይቶ በግምት 1938 ያለው ነው ይላል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አባዬን አውቀዋለሁ። ዕድሜ ልኩን መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነው። ዓመቱን ቢያንቀሳቅስ እንኳ ወንጌላዊውን አይነካም።

ሐውልቱ ላይ ሰኔ 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ተቀረጸ። የጡረታ ፋይሉን ግን አልነካነውም፤ እማዬ የምትቀበለው በእሱ ነው። እኔ ስልኬ ላይ ጃንዋሪ 1 የነበረውን ማስታወሻ ወደ ጁን 19 አዛወርኩ። እህቴ ደግሞ ሁሉንም ዓመት፣ ከየት እንደመጣና ለምን እንደተሳሳተ፣ አንድ ወረቀት ላይ ጽፋ ዳዊቱ ውስጥ ከተተችው።

እትዬ ወረቀቱ ሲነበብላቸው አዳመጡና «የኔንም ጻፉት፤ ስሞት እንዳትጨቃጨቁ» አሉ።

«መቼ እንበል፣ እትዬ?»

«ጣልያን ሊገባ ሲል በያ!»