ወርክሾፑ ቀኔን ወሰደው

ወደ ፊልም ፌስቲቫሉ የሄድኩት ፊልም ለማየት ነበር፤ የአኒሜሽን ወርክሾፑ ግን ከበር ላይ ያዘኝ።

አንድ ሰከንድ ፊልም 24 ምስሎች አሉት። ብዙ አኒሜተሮች አንዱን ሥዕል ለሁለት ምስል ስለሚያቆዩት 12 ሥዕል ይበቃቸዋል፤ እንቅስቃሴው ሲፈጥን ወደ 24ቱ ይመለሳሉ። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። የጭቃ አሻንጉሊት ክንድ በሚሊ ሜትር እያነሡ ፎቶ ሲያነሡ ግን ወገብ ይመሰክራል። የካሜራው ትኩረትና የብርሃን ልክ በእጅ መቆለፍ አለበት፤ አለበለዚያ ልኩ በየፎቶው እየተቀያየረ ምስሉ ይርገበገባል። መስኮትም ይጋረዳል፤ የምታልፍ ደመና የማንንም ልፋት አታከብርም።

ከሁሉ የገረመኝ የምትነጥር ኳስ የመሣል ልምምድ ነው። ኳሷ ወደ ላይ ነጥራ ከፍታዋ ጫፍ ስትደርስ ሥዕሎቹ ይቀራረባሉ፤ ወደ መሬት ስትወርድ ይራራቃሉ። ክብደቷ የሚታየው በሥዕሉ ውበት ሳይሆን በዚህ ርቀት ነው። ውብ ሥዕል የሚሥሉ ሰዎች ኳሳቸው እንደ ላባ ስትንሳፈፍ አይቻለሁ (በክፋት ባይሆንም ትንሽ ደስ ብሎኛል)።

ከሰዓት በኋላ የነበረው ውይይት ስለ ገንዘብ ድጋፍ ብዙ ተናግሮ ጥቂት አስረዳ። የድምፅ ባለሙያው ግን አተረፈን፦ ቀረጻ ባለቀበት ክፍል ሁሉ ሰው ሳይናገር 30 ሰከንድ ያህል ዝምታ ቅረጹ አለ። የየክፍሉ ዝምታ ይለያያል፤ በቅንብር ጊዜ ንግግር የተቆረጠበትን ቀዳዳ የሚደፍነው የዚያው ክፍል ዝምታ ብቻ ነው።

ነገ የስክሪፕት ወርክሾፕ አለ። የምትመጡ ቀደም ብላችሁ ተመዝገቡ፤ አዳራሹ ጠባብ ነው።