ፌስታል ሲከለከል የ50 ብር ዘይት በምን ይቋጠራል?

ሰሞኑን ሱቅ ደጃፍ ላይ ትንሽ ከቆማችሁ ክርክሩ አያመልጣችሁም። ገዢው ቲማቲሙን መርጦ፣ አስመዝኖ፣ ሒሳቡን ከፍሎ እጁን ይዘረጋል። ባለሱቁ "መያዣ ይዘሃል?" ይለዋል። "የምን መያዣ?" "ፌስታል ተከልክሏል እኮ!" "ታዲያ አንድ ኪሎ ቲማቲም በኪሴ ልክተት?" ከዚህ በኋላ ወይ ይሳሳቃሉ ወይ ይኳረፋሉ። አንዳንዴም ባለሱቁ ግራ ቀኙን አይቶ ከባንኮኒው ሥር አንዷን መዘዝ ያደርግለታል።

ታላቅ እህቴ ኮተቤ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አላት። ከሥራ ስወጣ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የማመሸው፤ እሷ ስትሸጥ እኔ ሒሳብ እመዘግባለሁ፣ ወሬም እሰማለሁ። ስለዚህ የፌስታሉን ነገር በዜና ብቻ አይደለም የማውቀው። ከመጀመሪያው ልናገር፣ እገዳውን እደግፋለሁ። ግን ስለ ሕጉ የሚያወራው ሰው ሁሉ ፌስታልን ዕቃ ማንጠልጠያ ብቻ አድርጎ ነው የሚያወራው። ትንሽ ሱቅ ውስጥ ፌስታል መስፈሪያም ነው፣ ማሸጊያም ነው። ይሄ ሳይገባን የተጀመረ ቁጥጥር ደግሞ ዱላው የሚያርፈው ትንሿ ነጋዴና ትንሿ ገዢ ላይ ነው።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ፣ ቁጥር 513፣ ስስ ፌስታል ያኔውኑ ከልክሎ ነበር። ልኩም ተቀምጧል፦ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ውፍረት ያለው ፌስታል እንዳይመረት፣ ከውጭም እንዳይገባ። ግን ማን ለካው? እስቲ ከናንተ መሃል ጉልት ላይ የፌስታል ውፍረት ሲለካ ያየ አለ? አዋጁ ወረቀት ላይ ቀረ፣ ነገሩን ውሃ በላው፣ ስሱም ወፍራሙም እኩል ሲቸበቸብ 18 ዓመት አለፈ። በ2017 የተወካዮች ምክር ቤት አዲሱን አዋጅ ሲያጸድቅ የውፍረት ጣጣ ውስጥ አልገባም። ፌስታሉን ራሱን ከለከለ። ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል፤ የሚያመርተው፣ የሚያስገባውና የሚነግደው ደግሞ ከዚያ እጅግ የከበደ ቅጣት አለበት።

ለምን እንደምደግፈው በአጭሩ ልበል። ባለፈው ፋሲካ ግቢያችን ውስጥ በግ ታረደ። ጨጓራው ሲከፈት እንደ ገመድ የተገመደ ነገር ወጣ። ሲፈታ ፌስታል ነው። አንዱ ከማንጠልጠያው ጋር ሙሉውን ነበር፤ ቀለሙ እንኳን አልለቀቀም። ገበያ ላይ ጀርባውን ዳብሰን፣ ጥርሱን አይተን ስንት ተከራክረን የገዛነው በግ ሆዱ ውስጥ የኛኑ ቆሻሻ ተሸክሞ ኖሯል። ከብት አርዶ የሚያውቅ ሰው ይሄ ብርቅ እንዳልሆነ ይነግራችኋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ቦዩን ማየት ነው። ዝናቡ ገና ግማሽ ሰዓት ሳይዘንብ አስፋልቱ ወንዝ ይሆናል። ቦዩ ሲጠረግ ከጭቃው ጋር ተጣብቆ የሚወጣው እሱ ነው።

"ሃይላንዱስ? እሱ ፕላስቲክ አይደለም?" የሚል ሰው አይጠፋም። ነው፣ ግን ሃይላንድ ገዢ አለው። ሰብሳቢው እየዞረ ይለቅመዋል፣ ቆራሌው ይወስደዋል፣ በኪሎ ይሸጣል፣ ተፈጭቶ ፋብሪካ ይገባል። እስኪጣል ድረስም ቤት ውስጥ የዘይት፣ የጠላ፣ የፈሳሽ ሳሙና ዕቃ ሆኖ ይከርማል። ፌስታልን ግን የሚያነሳው የለም። ክብደት የለውም፤ አንድ ኪሎ ለመሙላት ስንት ለቅሞ፣ ስንት አጥቦ? ልፋቱ ከሚገኘው ብር ይበልጣል። ስለዚህ ከፕላስቲኮች ሁሉ መጀመሪያ ፌስታልን መምረጥ ትክክል ነው ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ሱቋ እንግባ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ግንበኛው፣ ተላላኪው፣ ልብስ አጣቢዋ የዕለት ገንዘባቸውን ይዘው የሚመለሱበት ሰዓት። አንድ ልጅ ይመጣል። "እትዬ፣ እማዬ የ50 ብር ዘይት ብላለች።" እህቴ ሚስማር ላይ ከተንጠለጠለው እሽግ ትንሿን ነጭ ፌስታል ትመነጭቃለች። በአውራ ጣቷ ፈትጋ፣ እፍ ብላ ትከፍታታለች። ዘይቱን በሲኒ ሰፍራ ትጨምራለች። ከዚያ አፉን ይዛ ሁለት ጊዜ ታሾረውና ቋጠር ታደርጋለች። "ማሙሽ፣ እንዳትጨምቀው!" ቀጥላ የመጣችው የሩብ ኪሎ ስኳር ትላለች። ከሷ ቀጥሎ የ30 ብር በርበሬ። ከዚያ ሽሮ፣ ከዚያ የአንድ ጀበና ቡና። ሁሉም በየቋጠሮው።

ይሄ ሰው አምስት ሊትር ዘይት በጀሪካን መግዛት ጠልቶ አይደለም። የዕለት ገቢ ያለው ሰው የዕለቱን ነው የሚገዛው። የዕለቱን ለመሸጥ ደግሞ አንድ ነገር ውስጥ መቋጠር አለበት። ሱፐርማርኬት ውስጥ ይሄ ችግር የለም፤ ዘይቱ ፋብሪካ በፕላስቲክ አሽጎት ነው የሚመጣው፣ ፓስታውም እንደዚያው። እዚያ ፌስታል የሚያስፈልገው እስከ መኪናው ድረስ ለማንጠልጠል ነው፤ ስለዚህ "የወረቀት ቦርሳ ልጨምርልዎት?" ብሎ ማለፍ ይቻላል።

ስሌቱን እንየው። አንድ የወረቀት ከረጢት 5 ብር ነው እንበል። 800 ብር ለሚገዛ ሰው 5 ብር ከመቶ አንድ እጅ እንኳን አይሞላም፤ አያስተውለውም። 50 ብር ለሚገዛ ግን አስር በመቶ ነው። እህቴ ከ50 ብር ዘይት ላይ የምታተርፈው 5 ብር ላይሞላ ይችላል፤ ስለዚህ ወይ ገዢው ላይ ትጨምራለች ወይ በኪሳራ ትሸጣለች። ደግሞስ ዘይት በወረቀት ይቋጠራል እንዴ? ስኳሩና ምስሩ ይሁን፣ ድሮም በጋዜጣ ጠቅልለን ኖረናል። ዘይትና እርጎን ግን ወረቀት አይችላቸውም።

እንጀራውስ? መንገድ ዳር እንጀራ የሚሸጡትን እናቶች አስቧቸው። እንጀራ አየር ካገኘው ይደርቃል፣ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ማንም አይገዛውም። ፌስታሉ ነው ሙቀቱንና ወዙን ይዞ እስከ ማታ የሚያቆየው። በርግጥ ትኩስ እንጀራ በፕላስቲክ መጠቅለሉ ለጤናም እንደማይመከር ስንሰማ ኖረናል፤ እሱ አያጣላንም። ግን "ተዪው" ከማለት በፊት "በዚህ አድርጊው" የሚል ሰው ቢመጣ ምን ነበረበት?

ሰሞኑን ደግሞ "የጨርቅ" የሚባለው ቦርሳ ገበያውን ሞልቶታል። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሲነካ ለስለስ የሚል። ብዙ ሰው ጨርቅ ይመስለዋል። እስቲ ከጫፉ ትንሽ ቆርጣችሁ ክብሪት ጫሩበት። ጥጥ ቢሆን ነድዶ አመድ ይሆናል። ይሄ ግን ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ ሲበርድም እንደ ጠጠር ይደርቃል። ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ማዳበሪያ ብለን እህል የምንከትበት ጆንያ የሚሠራበት ያው ፕላስቲክ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። ደጋግመን ብንይዘው ባልከፋ ነበር፤ ግን ርካሹ ዓይነት ትንሽ ድንች ሲበዛበት ማንጠልጠያው ተገንጥሎ ይቀራል። ከዚያ የት ይሄዳል? ያው ቦዩ ውስጥ፤ አሁን ደግሞ ወፍሮ። ኬንያ ይሄ ደርሶባታል። ፌስታልን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2017 ከከለከለች በኋላ ይሄው "ጨርቅ" ቦታውን ወረሰ፤ በ2019 ጥራታቸው የወረደውን ለማገድ ሌላ ትእዛዝ እስከ ማውጣት ደረሰች። እኛ ከዚህ ብንማር ጥሩ ነው።

ስለ ኬንያ ካነሳሁ አይቀር፣ ቅጣቷ ከኛ ጋር የሚወዳደር አይደለም። እስከ አራት ዓመት እስራት ወይም 40,000 ዶላር ገደማ። እንዲህም ሆኖ ከጎረቤት አገር በኮንትሮባንድ መግባቱ አልቀረም። ግን አንድ ነገር በግልጽ ለይታለች፦ ፋብሪካ ውስጥ ምርት በቀጥታ የሚታሸግበትን ፕላስቲክ ከክልከላው አውጥታለች። ሩዋንዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምራ ስትገፋበት ቆይታ በ2019 ሌሎቹንም አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሏቸውን ፕላስቲኮች ጨመረች። ኪጋሊ ኤርፖርት ፌስታል ይዘህ ስትወርድ እንደሚወስዱብህ የሄደ ሁሉ ያወራል።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ የዱባይ ነው። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን ሲያዩን "ገና አሁን?" እያሉ ይስቃሉ። ዱባይ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 መጀመሪያ ፌስታሉ ላይ 25 ፊልስ ዋጋ ጣለች፤ ያ የአንድ ድርሃም ሩብ ነው። ሰው ሳንቲም ላለመክፈል ቦርሳ መያዝ ለመደ። ከዚያ በሰኔ 2024 ጭራሽ ከለከለች። በ2025 መጀመሪያ የስታይሮፎም ኩባያና ስትሮው፣ በ2026 ደግሞ ሳህን፣ ማንኪያና ሹካው። ካፌ ያለው ሰው ምን መቼ እንደሚከለከል ቀድሞ ያውቃል። ያለውን ክምችት ይጨርሳል፣ አዲሱን ያዛል። ሀብታም ስለሆኑ ነው ትሉኝ ይሆናል። ቀን ቆርጦ መናገር ግን ብር አይጠይቅም።

እኛ ሰፈር ያለው አካሄድ የተገላቢጦሽ ነው። እህቴ እንደምትለው አከፋፋዩ ዘንድ ፌስታሉ አሁንም አለ፤ ልዩነቱ ዋጋው መጨመሩና በካርቶን ተሸፍኖ መሰጠቱ ነው። እሷ ደጅ ግን ተቆጣጣሪ መጥቶ ሚስማሩ ላይ ያለውን እሽግ ይዞባት ሄዷል። "ከየት ገዛሽው?" ብሎ የጠየቃት የለም። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቃት ይሄን ነበር። አንድ ማሽን ቢቆም እኮ የስንት ሱቅ ሚስማር ባዶ ይሆናል! ከምንጩ ያልተዘጋ ነገር ሱቅ ለሱቅ ቢያሳድዱት አያልቅም።

እሷ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ከቆራሌው ንጹሕ የግማሽ ሊትር ሃይላንዶች መርጣ ገዛች፣ በፈላ ውሃ ልታጥባቸው ስትል ተጨማደዱባት፣ በለብ ያለ ውሃና በሳሙና አጠበቻቸው። አሁን ዘይት የሚገዛ ደንበኛ መያዣ 5 ብር ያስይዝና በሃይላንድ ይወስዳል። ባዶውን ሲመልስ ብሩን ያገኛል፣ ወይም ያስሞላዋል። ይሄ ለማንም እንግዳ አይደለም፤ የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ እኮ ድሮም በመያዣ ነው ከሱቅ የምንወስደው። ልጆቹ ወዲያው ገባቸው። እንደውም አንዱ የጎረቤቱን ባዶ ሃይላንድ መልሶ አምስት ብሯን ከረሜላ ሊገዛባት ሲል ተይዟል።

ለስኳርና ለሽሮ ጋዜጣ ፈልጋ ነበር፤ ጋዜጣ ከየት ይመጣል በዚህ ዘመን? የተማሪ ደብተር ወረቀት በኪሎ እየገዛች ትጠቀልላለች። ቀለሙ ዱቄቱ ላይ እንዳይለቅ ብዬ ተከራክሬያታለሁ፤ እስካሁን አልተግባባንም። በርበሬው ጭራሽ አልተፈታም፤ ከወረቀቱ ሾልኮ እየወጣ የልጆቹን እጅ ያቃጥላል።

ሱቅ፣ ጁስ ቤት ወይም ሥጋ ቤት ያላችሁ አንባቢዎች፣ እናንተ እንዴት እያደረጋችሁ ነው? በተለይ ሥጋ ቤቶች ያንን ጥቁር ፌስታል በምን ተካችሁት? ለበርበሬው የሚሆን ርካሽ ነገር ያገኘ ካለ ደግሞ ከነዋጋውና ከነሚሸጥበት ቦታው ይጻፍልኝ፤ እህቴ እየጠበቀች ነው።