ማርማላታዬን የላሰው

የሐረር ልጅ ነኝ። ጅብ በእንጨት ሥጋ አጉርሼ የማውቅ ሰው። ይህን የማነሳው የባለቤቴ ቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ቪዲዮ ስለሚዞር ነው። አማቴ በድምፅ «ውይ ልጄን! ነከሰው እንዴ?» ብላለች። ባለቤቴም «አይ እማዬ፣ ዳቦውን ነው የበላበት» ብላ መለሰች።

ለጫጉላ ሲሸልስ፣ ፕራስሊን ደሴት ሄደን ነው። በረንዳ ላይ ቁርስ ቀርቧል። ዳቦዬን ማርማላታ ቀብቼ ቡናዬን ላነሳ ዞር አልኩ። ስመለስ አንድ አረንጓዴ ነገር ዳቦው ላይ ተቀምጧል።

እንሽላሊት! እንደ አገራችን አመድማ፣ ሰው ሲያይ የሚሸሽ ጨዋ እንሽላሊት እንዳይመስላችሁ። ደማቅ አረንጓዴ፣ ጀርባው ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት፣ ጅራቱ ተቆጥሮ ከመዳፌ የማያልፍ። ጌኮ ነው። ብዙዎቹ ዘመዶቹ ሌሊት ነው የሚወጡት። የዚህኛው ፈረቃ ቀን ነው።

«እሽ!» አልኩት። ቀና ብሎ አፈጠጠብኝ። እኔም አፈጠጥኩ። ለካስ የሚከደን የዓይን ቆብ የለውም! ከእንዲህ ያለ ፍጡር ጋር መፋጠጥ ከመነሻው የተበላ ዕቁብ ነው። ዓይኔ እንባ ሲያቀር እሱ ረጋ ብሎ ምላሱን አወጣና የገዛ ዓይኑን ላሰ። አዎ፣ ዓይኑን! ከዳር እስከ ዳር ወለወለው። በኛ ሰፈር ምላስ ማውጣት ብቻውን ያጣላል። ይሄ ግን «ቆይ፣ ደህና አድርጌ ልይህ» ያለኝ ነው የመሰለኝ። ወልውሎ ሲጨርስ በዚያው ምላስ ወደ ማርማላታዬ ተመለሰ። በዚያው ምላስ!

እጄን ብሰነዝር በክንዴ ሽቅብ ሮጠ። መስታወት የሚወጣ እግር በኔ ሸሚዝ አይቸገርም። «በስመ አብ!» ብዬ ተነሳሁ፤ ከነወንበሩ ወደቅሁ። ባለቤቴ እሱን ስትቀርጽ ነበር፣ ካሜራው ወደኔ ዞረ።

ያዳነኝ የጎረቤት ጠረጴዛ ሕፃን ነው። ጣቱን ጭማቂ ነክሮ ትከሻዬ ላይ ዘረጋለት፣ ሄደለት። አስተናጋጁ ሊያጽናናኝ መጣ። ኮኮ ደ ሜር የሚሉት፣ በዓለም ትልቁን ዘር የሚያፈራ ዘንባባ አላቸው። የዚያን አበባ ወለላ እየላሰ የሚኖር ስለሆነ ጣፋጭ ይወዳል አለኝ። ይውደዳ! አበባው አለለት አይደል?

ቡናውም ከፓኬት የሚበጠበጥ ነበር። የሐረር ቡና ላሳደገው ሰው! በዚያ ላይ ተደፋ፣ ሌላ አዘዝኩ።

ሂሳቡ ሲመጣ ሁለቱም ቡና ተደምሯል። ዳቦውም ከነማርማላታው።