ሆጃው ወተት ቀረው

ድሬ ውስጥ ቡና ቀርቦ ሰው ዝም ካለ ነገር አለ። ስኳር በዛ፣ ጀበናው ቸኮለ፣ የእከሊት ልጅ ጅቡቲ ገባ፣ መብራት ዛሬም ሊሄድ ነው… ይኼ ሁሉ ሳይወራ አቦል አያልቅም። በእኔ አቦል ላይ ግን ግቢ ሙሉ ሰው ጭጭ አለ። የሚሰማው የቬንትሌተሩ ሲጥ ሲጥ ብቻ ነው። ጎረቤቴ አዴ፣ ሐኪም የራጅ ፊልም እንደሚያይ ስኒዋን ወደ ብርሃን አነሳች፤ ቀመሰች፤ ደገመች። ከዚያ በሽተኛ በሚጠየቅበት ድምፅ፣ «ሆጃው ቆንጆ ነው የኔ ልጅ፤ ወተት ብቻ ነው የቀረው» አለች።

ሆጃ!

ሆጃ አልጠላም። ሐረር ዘመድ ጋ ከወጣሁ ሳልጠጣ አልመለስም። ግን ሆጃ የሚፈላው ከአሸር፣ ማለትም ከቡናው ገለባ ነው፤ እኔ ያፈላሁት ፍሬውን ነው። ያውም በግራም መዝኜ።

ነገሩን የጀመረችው ካናዳ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። ለእረፍት መጥታ ከሻንጣዋ የሸክላ ማጥለያ ከነወረቀቱ፣ የእጅ መፍጫ፣ ግራም የምትቆጥር ሚዛን አወጣችና «የናንተ ቡና እኛ አገር በስንት ዶላር እንደሚጠጣ ብታውቅ!» አለችኝ። የናንተ? እኛ አገር? ገንደ ቆሬ ተወልዳ፣ ደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ ስትራገጥ ያደገች ልጅ እኮ ናት። ዋጥ አደረግኩት። ስጦታ ተቀብሎ አፍ አይመለስም።

ከዚያ ቪዲዮ ማየት ነው። ለ1 ሊትር ውሃ 60 ግራም ቡና፣ የውሃው ሙቀት ከ92 እስከ 96 ዲግሪ፣ ቡናው ከተቆላ በኋላ ጥቂት ቀን ይረፍ፣ ውሃው ቀስ ተብሎ በክብ በክብ ይፍሰስ። ዲግሪው ስላስጨነቀኝ ታይዋን፣ እዚሁ ድሬ ያለው ገበያ ሄጄ ቴርሞሜትር ገዛሁ። ቤት ገብቼ ውሃ ጣድኩ፤ ይንተከተካል፣ ክዳኑን ያዘልላል፣ ቴርሞሜትሩ ግን 96 ላይ ቆሞ ቀረ። መልሼ ወሰድኩለት። «ይኼ ነገር መቶ አይደርስም» አልኩት። ባለሱቁ ተቀበለኝና ብብቱ ውስጥ ሻጠው፤ ትንሽ ቆይቶ አወጣና አሳየኝ። «ይኸው 37! ዋሪያ፣ እቃው ጤነኛ ነው፤ የታመመው ውሃህ ነው።»

ውሃዬም አልታመመም። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 96 አካባቢ ነው። ሐረር ወጣ ካላችሁ ደግሞ 94 ገደማ። እንግዲህ አስቡት፣ አዴ በሕይወቷ ቴርሞሜትር በእጇ ሳትነካ ጀበናዋ ሁልጊዜ ልክ ቪዲዮው ያዘዘው ዲግሪ ላይ ነው ማለት ነው። ይህን የሚነግረኝ አጥቼ ነው ብር የከፈልኩት። ብሩንም አልመለሰልኝም፤ «ብብት የገባ እቃ አይመለስም» አለኝ። ማን አስገባው!

ውሃ ከተነሳ ደግሞ የድሬን ውሃ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጉድጓድ ነው የሚወጣው፣ የኖራ ድንጋዩን ይዞት ይመጣል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። እንዲህ ያለ ውሃ ደግሞ የቡናን ኮምጠጥ የምትል ጣዕም ጨርሶ ያጠፋታል። ስለዚህ የታሸገ ውሃ ገዛሁ። ለቡና! አዴ ይህን ሰምታ ቢሆን ሽማግሌ ትልክብኝ ነበር።

ቡናውን ከቀፊራ ገበያ ነው የገዛሁት፤ እዚህ ላይ ሆዴ ያረረበትን ልናገር። የሐረር ቡና ማለት ከነገለባው ፀሐይ ላይ የሚደርቅ፣ ፈረንጆቹ «የብሉቤሪ መዓዛ አለው» ብለው የሚያብዱለት ነው። ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ ተጭኖ ድሬ ይመጣል፤ ለውጭ የሚሄደው ደረጃው የሚወጣለት፣ የሚቀመሰውም እዚሁ ድሬ ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ከደረሰ ጀምሮ በበራችን አልፎ ጅቡቲ ሲወርድ ኖሯል። እኛ ጋ የሚቀረው ምንድነው? ሽታው። ለውጭ ደረጃ የወጣለትን ቡና አገር ውስጥ መሸጥ በሕግ ክልክል ሆኖ ኖሯል፤ ዶላር ያስፈልጋል፣ ይገባኛል፣ ግን ሲገባኝም ያናድደኛል። ቀፊራ ያለችው ነጋዴ «የሐረር ነው፣ ወላሂ!» ብላ ማለችልኝ። ቤት ገብቼ ስለቅመው ጥቁሩ፣ የተነቀዘው፣ የተሰበረው፣ ጠጠሩ… ለቅሜ ስጨርስ አይኔ ጠፍቶ ነበር። የአክስቴ ልጅ ኪሎውን በስንት እንደምትገዛው ያን ቀን ቢነግሩኝ አለቅስ ነበር።

ስቆላው አዴ በአጥር በኩል ብቅ አለች። ቪዲዮው «ፍሬው ጠሽ ጠሽ ማለት እንደጀመረ ብዙ አትቆይ፤ ካጠቆርከው የቡናው ሳይሆን የከሰል ጣዕም ነው የምትጠጣው» ስላለ፣ የቀረፋ መልክ ሲይዝልኝ አወጣሁት።

«ገብስ ነው?» አለች አዴ።

«ቡና ነው አዴ።»

«እሳቱ ጠፋብህ?»

ያኔ ነበር መጠንቀቅ የነበረብኝ፤ ግን ሰው ቴርሞሜትር ከያዘ ምክር አይሰማም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ወበቁ ትንሽ ጋብ ሲል ሰው ጠራሁ። አዴና ልጆቿ፣ ከወዲያ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን፣ ባለባጃጁ፣ አከራዬ። እጣን አጨስኩ፣ ፈንዲሻ አቀረብኩ። ረከቦት ላይ ጀበና ሲጠብቁ ወረቀት የለበሰ የሸክላ ቀሚስ አዩ። አከራዬ «ማይክሮስኮፕ ነው?» አለ። ሚዛኑን ከፈትኩ፣ በክብ በክብ አፈሰስኩ፣ ወረቀቱ ውስጥ ያለው ቡና እብጥ ብሎ አረፋ ሲሠራ ልጆቹ አጨበጨቡ። ክብሬ እዚያ ላይ ነበር ያለቀው፤ ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። «ስትጠጡ ብሉቤሪ ይሸታችኋል» አልኳቸው።

«ብሉ… ምን?» አለች አዴ።

«ፍሬ ነው፤ ፈረንጅ አገር ያለ።»

«ጊሽጣ አይሸተንም? ማንጎስ?»

ቀዳሁ። ስኒዎቹ የአዴ ናቸው፤ የኔዎቹ አይበቁም ብዬ ነው የተዋስኩት። የተቃጠልኩት በነሱ ነው። ወረቀት ያጠለለው ቡና ዘይቱም አተላውም ወረቀቱ ላይ ስለሚቀር ጥርት ይላል፤ ጥርት ማለቱ ነው ጥበቡ። የማዶዋ ጎረቤታችን ስኒዋ ላይ አጎነበሰችና «ውይ! ይቺ ስኒ ውስጧ አበባ አላት እንዴ?» አለች።

አዴም የራሷን አየች። «ኧረ ወላሂ! እኔም ዛሬ ገና አየሁት።»

ዛሬ ገና! የሰርግ እቃዬ ነው ብላ፣ እንዳልሰብርባት አስምላ ያዋሰችኝ ስኒ! በየቀኑ አጥባ በነጭ ጨርቅ የምታደርቀው ማን ሆነና ነው? ግን ማን ይሰማኛል፤ ሁሉም አጎንብሷል። የአንዱ አበባ ቀይ ነው፣ የሌላው ለቅቋል፣ የአከራዬ ግማሹ ተፍቋል፤ «የኔን ቀይሪልኝ» ብሎ አዴን ለመናት። ትንሹ ልጅ ቅጠሎቹን በጣቱ ቆጥሮ አምስት ናቸው አለ። ታላቁ ስድስት ናቸው ብሎ ተጣላው። ሊያስታርቋቸው ሌላ ስኒ መጣ፣ በእሱም ተቆጠረ። ከዚያ የአበባው ዘር ተነሳ፤ ጽጌረዳ ነው፣ አይደለም፣ የሱፍ አበባ ነው፣ ቀይ ሱፍ የት አይተህ! ባለባጃጁ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ። ልብ በሉ፣ ቡናው አልተጎነጨም፤ እስከ አፉ ሞልቷል። ፎቶው ላይ አበባው ከነግንዱ ቁልጭ ብሏል፣ ቡናዬ ግን የለም። ያን ፎቶ እስከ ዛሬ አላጠፋውም፤ ባጃጁ ውስጥ ለተሳፋሪ ያሳያል።

«አዴ፣ ስታጥቢው አይተሽው አታውቂም?» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ሳጥብማ ሬድዮ ነው የምሰማው» አለችኝ።

ለዚህ ምን ይመለሳል?

ከዚያ በኋላ ነው ዝምታው፣ ከዚያ በኋላ ነው «ወተት ብቻ ነው የቀረው»። ክርክር አልፈጠርኩም። አዴ ከጡቷ ስር ከቋጠረችው ብር አውጥታ ትንሹን ልጅ ወተት ላከችው፤ የኔን ማጥለያ ገለል አድርጋ፣ የተረፈውን ቡናዬን በሙሉ ድስት ውስጥ ገለበጠችው፣ ወተቱን ጨመረች፣ ጨው ቆንጠር አደረገች፣ አንዴ አፈላችው። ያ ሁሉ ግራም፣ ያ ሁሉ ዲግሪ፣ የታሸገው ውሃ፣ በአንድ ድስት!

ሲጠጡት ወሬው ተከፈተ። የእከሊት ልጅ ጅቡቲ ገባ። መብራት ሊሄድ ነው። አከራዬ «አቦ ይመችህ፣ እንዲህ ያለ ሆጃ ከጠጣሁ ቆይቻለሁ» ብሎ ሁለተኛ አስቀዳ፤ ኪራይ የሚጨምርበትን ወር ግን አልረሳም፣ በዚያው ነገረኝ። እኔም ቀመስኩት። ብሉቤሪ የለም። ጨው አለ።

አሁን ሰፈሩ ውስጥ ስሜ «ባለሆጃው» ነው። ባለባጃጁ ከሳቢያን ሲመልሰኝ ፍሬን ይዞ «ባለሆጃው፣ ውረድ ደርሰሃል» ይለኛል፤ ተሳፋሪው ዞሮ ያየኛል። አንዲት የማላውቃት ሴት ለቀለበት ሆጃ በስንት እንደማፈላ ጠይቃኛለች። «የሐረር ቡና ነበር፣ በወረቀት የተጠለለ» ብዬ ማስረዳት ስጀምር «አሸሩን ከየት ነው የምታመጣው?» ብላ አቋረጠችኝ።

ባለፈው ደግሞ የአዴ ልጅ በሩን አንኳኳች። «እማዬ ያቺን ወረቀት ስጠኝ ብላለች፤ ቅቤ እያነጠረች ነው፣ ወንፊቱ ኮረሪማውን አልይዝ አላት።» ከነፓኮው ሰጠኋት። ቅቤው ኩልል ብሎ ወጣ ብለው ሰፈሩ ሁሉ ሲያወራ ሰማሁ። ለኔ አንድ ማንኪያ እንኳ አልተላከም።