ኮድ 11 እና ኮድ 93

በአውሮፕላን ጣቢያ የአገር ውስጥ በረራ መንገደኞች መዝጋቢ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ መንገደኛ ተቆጥቶብኛል። መታወቂያውን ባንኮኒው ላይ የወረወረብኝ አለ፤ የማን ዘመድ እንደሆነ እስከ ሦስት ትውልድ የቆጠረልኝም አለ። እነዚያን ሁሉ ረስቻቸዋለሁ። ያልረሳሁት ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረውኝ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው የተቀመጡትን አንድ አዛውንት ነው።

የዚያን ቀን ያደረግሁትን ለምን እንዳደረግሁ ለማስረዳት ከዚያ ሁለት ወር በፊት የደረሰብኝን ማስቀደም አለብኝ። በጣቢያችን የአገር ውስጥ በረራ ምዝገባ የሚዘጋው ከመነሻው 40 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነበር። አንዲት እናት ሕፃን አዝላ፣ ሁለት ሻንጣ እየጎተተች፣ ሊነሳ 34 ደቂቃ ሲቀረው ደረሰችና ተቀበልኳት። የሰውና የሻንጣው ቁጥር የአውሮፕላኑን ጭነትና ሚዛን ለሚያሰላው ክፍል፣ ለሎድ ኮንትሮል፣ ተልኮ ስለነበር የሚዛኑ ወረቀት፣ ሎድ ሺቱ፣ እንደገና ተሠራ፤ ሻንጣዎቹም በሩጫ አውሮፕላኑ ወደሚጫንበት ሜዳ፣ ወደ ራምፕ፣ ወረዱ፤ አውሮፕላኑ 9 ደቂቃ ዘግይቶ ተነሳ። ብዙ አየር መንገዶች እስከ 15 ደቂቃ የዘገየውን በረራ በሰዓቱ እንደተነሳ ይቆጥሩታል፤ አለቃዬ ግን ዘጠኟን ደቂቃ አንድ በአንድ ቆጠራት። ለዘገየ በረራ ሁሉ ምክንያቱ በዓለም አቀፍ የኮድ ዝርዝር ይመዘገባልና ለዚያኛው የተሰጠው ኮድ 11 ሆነ፤ ትርጉሙም ከመዝጊያ ሰዓት በኋላ መንገደኛ መቀበል ማለት ነው። አየሩ ቢበላሽ፣ ሞተር ቢያስቸግር፣ ነዳጅ ቀጂው ቢቀር ለሁሉም የየራሱ ኮድ አለው፤ ኮድ 11 የተጻፈ ቀን ግን በባንኮኒው ላይ ተረኛ ማን እንደነበር ለማወቅ መርማሪ አያስፈልግም። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ደረሰኝ። በውስጡ «የመዝጊያ ሰዓት በማንኛውም ሁኔታ ለድርድር አይቀርብም» የሚል መስመር ነበረበት፤ «በማንኛውም ሁኔታ» የሚለው ከሥሩ ተሰምሮበታል።

ደንቡን ለመንቀፍ አይደለም ይህን የምጽፈው። ቲኬት ላይ የሚታየው ሰዓት አውሮፕላኑ ከጎማው ሥር ታኮው ተነስቶለት መንቀሳቀስ የሚጀምርበት ሰዓት ነው፤ መንገደኛው ግን የእሱ መድረሻ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ከዚያ ሰዓት በፊት የመሳፈሪያው በር መዘጋት አለበት፤ ከበሩ መዘጋት በፊት ሰው ሁሉ መሳፈር አለበት፤ ከመሳፈሩ በፊት ደግሞ የሰውና የሻንጣ ቁጥር ታውቆ፣ ከፊተኛው የዕቃ ክፍል ምን ያህል፣ ከኋለኛው ምን ያህል እንደሚጫን ተወስኖ፣ ካፒቴኑ የሚፈርምበት ወረቀት መዘጋጀት አለበት። እኛ የምናስተናግደው ኤቲአር 72፣ ባለ 68 ወንበር ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነበር። እንዲህ ባለ አነስተኛ አውሮፕላን ላይ ጥቂት ሻንጣዎች ከፊት ወደ ኋላ መዛወራቸው በሚዛኑ ስሌት ላይ ይታያል። አርባው ደቂቃ ከዚህ ሁሉ ተቀንሶ ተቀንሶ የሚቀር ነው፤ ማንም በዘፈቀደ ያስቀመጠው አይደለም።

ያን ዕለት 67 መንገደኞች ተመዝግበው አንድ ቀርቶብኛል። ከባንኮኒው ጎን በሠራተኛ ቲኬት የሚጓዝ አንድ ተጠባባቂ ቆሟል፤ ሰዓት ሲዘጋ የተረፈ ወንበር ካለ እሱ ይገባል። አውሮፕላኑ ራሱ ግን ገና ከቀደመው ጉዞው አልተመለሰም ነበር። ይህን አውቃለሁ፤ ራምፕ ላይ ያለ ባልደረባዬ በሬዲዮ ነግሮኛል። ይሁንና ከኦፕሬሽን ክፍል አዲስ የመነሻ ሰዓት በይፋ እስካልተላከ ድረስ በረራው በሲስተሙ ላይ «በሰዓቱ» ነው፤ የምዝገባው መዝጊያም የሚቆጠረው ከዚያው ሰዓት ነው። አርባ ደቂቃው ሲሞላ ዘጋሁ። ቀሪውን ወንበር ለተጠባባቂው ሰጠሁ።

ሦስት ደቂቃ እንዳለፈ አዛውንቱ ከፊት ለፊቴ ካለው ወንበር ተነስተው ሻንጣቸውን ሚዛኑ ላይ አስቀመጡ። አስራ ስምንት ኪሎ። ሰውየውን ከአንድ ሰዓት በላይ እዚያው ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ፤ ሸኚ ናቸው ብዬ ነበር።

«አባቴ፣ ምዝገባው ተዘግቷል» አልኳቸው።

«ተዘግቷል ማለት?»

«የዚህ በረራ መቀበያ ሰዓት አልፏል። አልፎ ስለነበር ወንበሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።»

«እኔ እኮ እዚሁ ነበርኩ፤ ሰልፉ እስኪቀል ብዬ ነው የተቀመጥኩት። የሚቸኩለው ይቅደም ብዬ።» ከዚያ ከኋላዬ ባለው መስተዋት አሻግረው ማቆሚያውን ተመለከቱ። ባዶ ነው። «የኔ አውሮፕላን የትኛው ነው?»

መዋሸት እችል ነበር። «ገና አልደረሰም» አልኳቸው።

«ገና አልደረሰም» ብለው ደገሙልኝ፤ እንደ ጥያቄ ሳይሆን የሰሙት ትክክል መሆኑን እንደሚያረጋግጥ ሰው። «እንግዲህ እኔ ከመጣሁ ሰዓት ተኩል ሆኖኛል። እሱ አልመጣም። ታዲያ ልጄ፣ ያረፈደው ማን ነው?»

የሠለጠንኩበትን መልስ ሰጠኋቸው፤ መዝጊያው የሚታሰበው በታቀደው መነሻ ሰዓት እንደሆነ፣ አውሮፕላኑ ቢዘገይም አዲስ ሰዓት እስካልተገለጸ ድረስ እንደማይለወጥ። እየተናገርኩ ሳለ እያንዳንዱ ቃል እውነት እንደሆነ፣ ሲደመር ግን አስቂኝ እንደሚሆን ይሰማኝ ነበር። አዛውንቱ እስክጨርስ ድረስ አዳመጡኝ። ከዚያ ሻንጣቸውን ከሚዛኑ ላይ አነሱና፣

«ልጄ፣ እስከ ዛሬ ያመለጠኝን ሁሉ ጀርባውን አይቼ ነው የቀረሁት። ሳይመጣ ያመለጠኝ ይህ የመጀመሪያው ነው» አሉኝ።

ከዚያም ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ከኋላቸው ቆሞ ስለ ሻንጣ ክብደት ሊጠይቀኝ የነበረ የሌላ በረራ መንገደኛ ሳቀ፤ እኔ ግን መሳቅም መቆጣትም አልቻልኩም። ቢሰድቡኝ ኖሮ መመሪያው ከስድብ ይከላከለኛል፤ ሰዳቢን እንዴት እንደምንይዝ ሁለት ቀን ሙሉ ሠልጥነናል።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አዲሱ የመነሻ ሰዓት ሲስተሙ ላይ ወጣ፤ አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ መዘግየት። ማንም ገና አልተሳፈረም። በሠራተኛ ቲኬት የገባ ተጠባባቂ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ሊወርድና ወንበሩ ለከፋይ መንገደኛ ሊመለስ እንደሚችል በሥራው ላይ ያለን ሁሉ እናውቃለን፤ የተዘጋን በረራ መክፈት ግን የአለቃ ፈቃድ ይጠይቃል። ቢሮው ድረስ ሄድኩ።

«መዝጊያው ያለፈባቸው አንድ አዛውንት አሉ፤ በረራው ዘግይቷልና ልክፈትና ልቀበላቸው?» አልኩት።

«ወንበር አለሽ?»

«ተጠባባቂውን ካወረድን አለ።»

«ወንበሩ ተሰጥቷል» አለኝ።

«የተሰጠው እኮ በሠራተኛ ቲኬት ነው፤ ገና አልተሳፈረም።»

«ተሰጥቷል አልኩሽ።»

ተጠባባቂው ማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ስሙን ጠዋት የነገረኝ እሱው ራሱ ነበር።

ተመልሼ የቻልኩትን አደረግሁ። አዛውንቱን ወደ ምሽቱ በረራ አዛወርኳቸው፤ ይህንንም ያደረግሁት የመጀመሪያው በረራ ከመነሳቱ በፊት ነው። ለማያውቅ ሰው ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን መንገደኛ ሳይመዘገብም ቲኬቱ ሳይለወጥም አውሮፕላኑ ከተነሳ ኖ ሾው ይባላል፤ በብዙ አየር መንገዶች ደንብም የመሄጃውን ጉዞ ያልተጠቀመ ሰው የመመለሻው ቦታ አብሮ ይሰረዝበታል። ብዙ ሰው በረራው እንደማይደርስለት መንገድ ላይ ሆኖ እያወቀ እንኳ ስልክ አይደውልም፤ ከመነሳቱ በፊት የተደወለ አንድ ስልክ የመመለሻውን ሊያድን ይችል ነበር። የአዛውንቱ የመመለሻ ቦታ ተረፈላቸው። ይህንን ማንም በሪፖርት አልጻፈውም፤ ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

አዛውንቱ አቤቱታ አላቀረቡም። ያቀረበው ያ የሳቀው መንገደኛ ነው። ከሳምንት በኋላ ከአለቃዬ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «አውሮፕላኑ መዘግየቱን እያወቅሽ ሁኔታውን ያገናዘበ ውሳኔ ባለመስጠትሽ» ማብራሪያ እንድሰጥ የሚጠይቅ። ይህንንና የሁለት ወሩን ማስጠንቀቂያ ጎን ለጎን አስቀምጬ አነበብኳቸው። አንደኛው በማንኛውም ሁኔታ ይላል፤ ሁለተኛው ሁኔታውን ይላል፤ ፊርማው ግን አንድ ነው። ማብራሪያዬን በሁለት መስመር ጻፍኩ፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቅጂ አያይዣለሁ፣ የተጠባባቂውን የስም ዝርዝርም ከተፈለገ አያይዛለሁ አልኩ። መልስ አልመጣም፤ ጉዳዩም ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

የወሩ ስብሰባ ላይ የዘገዩ በረራዎች ዝርዝር ሲነበብ ያ በረራ ኮድ 93 ተብሎ ተነበበ፤ አውሮፕላኑ ከቀደመው ጉዞ ዘግይቶ በመድረሱ የሚል ነው፤ ማንም ጣቢያ ላይ ያለ ሰው የማይጠየቅበት ኮድ። የባንኮኒው ሠራተኞችም ወሩን በሙሉ አንድም ኮድ 11 ባለማስመዝገባችን ምስጋና ቀረበልን። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ዓይነት ነው፤ ቢያንስ ሰዓት ተኩል ቀድመህ ድረስ፣ የመዝጊያ ደቂቃውን ከቲኬትህ ላይ አንብብ፣ ከየአየር መንገዱ ይለያያልና የሌላውን ልምድ አትከተል፣ በስልክህ ብትመዘገብ እንኳ የሚጫን ሻንጣ ካለህ የማስረከቢያው ሰዓት አይቀርልህም። ይህን ስናገር ታዲያ አዛውንቱ ሰዓት ተኩል ቀድመው እንደነበር ትዝ ይለኛል። ስለዚህ «ደርሰህም አትቀመጥ» የሚል ጨምሬበታለሁ፤ አድማጮቼ ቀልድ ይመስላቸዋል። እኔም በበኩሌ ሊዘጋ 10 ደቂቃ ሲቀረው ከባንኮኒው ወጥቼ በወንበሮቹ መካከል እየዞርኩ፣ ያልተመዘገበ ሰው እንዳለ ድምፄን ከፍ አድርጌ መጠየቅ ጀመርኩ። አለቃዬ ይህ የመዝጋቢ ሥራ እንዳልሆነ ሁለት ጊዜ ነግሮኛል፤ በጽሑፍ ግን አላደረገውም።

የዚያ ዕለት ምሽትን ሳልጽፍ ልተወው አስቤ ነበር። አዛውንቱ ከግቢው አልወጡም። የምሽቱ በረራ ሊነሳ ሦስት ሰዓት ሲቀረው ሻንጣቸውን እየጎተቱ ባንኮኒው ፊት መጥተው ቆሙ፤ ከፊታቸውም ከኋላቸውም ማንም አልነበረም።

«አሁንስ ደረስኩ?» አሉኝ።

የአገር ውስጥ ምዝገባ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው። ሲስተሙ ከዚያ በፊት ስማቸውን አይቀበለኝም። ይህንን ለመናገር አፌን ስከፍት ምን ልል እንደሆነ ገባቸው መሰለኝ፣ ሻንጣቸውን ወደ ሚዛኑ ከማንሳት እጃቸውን መለሱ።

«አልተከፈተም?»

«አልተከፈተም አባቴ። አንድ ሰዓት ይቀረዋል።»

ረጅም ጊዜ ሳቁ። ከዚያ ያንን ወንበር በአገጫቸው እያመለከቱኝ፣ «እዚያ ብቀመጥ ትጠሪኛለሽ ወይስ ቆሜ ልጠብቅ?» አሉኝ።

«እጠራዎታለሁ» አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ቆመው ጠበቁ።