የሊንከን ወንበር ያለበት ቤተ ክርስቲያን

ዛሬ ጠዋት ዋሽንግተን መሃል ከተማ፣ ኒውዮርክ አቬኑ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ጓደኛዬ እሁድ እሁድ እዚያ ለቤት አልባ ሰዎች ቁርስ ታቀርባለች። "ነይ አግዢን" አለችኝ፣ ሄድኩ።

የምእመናኑ ታሪክ በፈረንጆቹ 1803 ይጀምራል። አብርሃም ሊንከን በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን የሚያመልኩት እዚህ ነበር። ሕንፃው በ1951 እንደ አዲስ ቢሠራም፣ የሚቀመጡበት ወንበር እስካሁን አለ። እሱን ለማየት በጣም ጓጉቼ ነበር። ልቤ የቀረው ግን ቁርሱ ክፍል ነው።

ለአንድ አዛውንት ቡና ሰጠኋቸው። ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ ሞቁበት። ከዚያ "ምግቡ ይቆየኝ፣ ደረቅ ካልሲ ይኖራል?" አሉኝ። እግራቸውን የጠቀለሉት በፌስታል ነበር። ካልሲ ተገኘ፤ እዚያው ቁጭ ብለው ቀየሩ። ማንም "መጀመሪያ ስብከት ስሙ" አላላቸውም። ይሄ በጣም ደስ አለኝ። የተራበ ሰው መጀመሪያ መብላት አለበት።

ቤተ ክርስቲያኑ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የከተማውን ተማሪዎችም በበጎ ፈቃደኞች ያስጠናል።

ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ፣ አዲስ የወንድ ካልሲ መስጠት የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጻፉልኝ። መጥቼ እወስዳለሁ።